የሙት ልጅ እህል ነው

ደብረ ታቦር
ሚያዝያ ፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

የዘመኑ ጥበብ የአባቶቹን ደጅ ላላስረሳው፣ በአንደበቱ ቁጥብ፣ በልቡ ሰፊ፣ በዕውቀቱ ለተማሪዎቹ መብራት፣ በትሕትናው ለእኛ ለሽማግሎቹ ምርኩዝ ለሆነው፣ በአምስተኛው ቤት የምንገናኝ ዘመድ ሳለ በፍቅር ከአብራኬ ክፋይ ለማልለየው ለልጄ ለተስፋነህ፤ ባሕርም ብርድም የማይመልሰው ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። አንተን በሰው አገር፣ እኛን በአገራችን ያቆየ አምላክ የተመሰገነ ይሁን።

መልእክትህን ወይዘሪት ሩት፣ ያች ከአንተ ጋር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው፣ በወረቀት አትማ አመጣችልኝ፤ ይህንንም የእጄን ጽሕፈት ኔትወርክ የተገኘ ዕለት በስልኳ አንሥታ ትልክልሃለች። ስለ ሥልጠናህ፣ ስለ ማደሪያህ፣ ሄልሲንኪ ስለሚባለው ከተማ ጽዳት የጻፍኸውን ሁሉ ደስ ብሎኝ አነበብሁ፤ ነገር ግን በከተማው መካከል ወፎች ብቻ እንዲኖሩበት የተከለለ ሰፊ ረግረግ እንዳለ፣ ሽማግሎችና ባልቴቶች ሳይቀሩ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው በእንጨት ጎጆ ውስጥ ትንፋሻቸውን ውጠው ወፍ ሲያዩ እንደሚያረፍዱ፣ አንተም ከእነርሱ ጋር እንደምትቀመጥ ካልኸው ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ፤ ፊደሉ ሁሉ ተነበበልኝ፣ ነገሩ ግን አልገባ አለኝ።

ለብዙነሽ ባነብላት፣ ባለቤቴን ታውቃታለህ፣ "ኧዲያ! ያን ሁሉ ባሕር የተሻገረው ወፍ ለማየት ነው?" አለች።

"ወፍ ብቻ አይደለም፣ ዕውቀት ነው" አልኋት።

"ወፎቹ የማን ናቸው?"

"የማንም አይደሉም።"

"ጠባቂስ አላቸው?"

"አላቸው ይላል።"

"የማንም ላልሆነ ነገር ጠባቂ የሚቀጥር አገር፣ እግዜር ይባርከው፣ ጠግቧል" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኛ ዘንድ ጠባቂ የሚቆመው እህሉ በወፍ እንዳይበላ ነውና፣ ወፉን ከሰው የሚጠብቅ ዘበኛ በዘመኔ አልሰማሁም።

የአገር ወሬ ለጠየቅኸኝ፣ የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ የጉና ገበሬ ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። የእኅቴ ልጅ እማሆይ በለጠች በጣራ ገዳም ግርጌ ካሉት መነኮሳይያት ጋር በደኅና አለች፤ የልጇን የዮናስን የሰባት ዓመት መታሰቢያም በየካቲት አውጥተናል። አንተ ያን ጊዜ በትምህርት ላይ ስለነበርህ ለቅሶውን አላየህም፤ ዮናስንም በአካል አታውቀውም። ባሕር ሲሻገር ጀልባው ሰጥሞ ከሞቱት አንዱ መሆኑ ሲነገረን፣ ሬሳ ስለሌለ ልብሱን አውጥተን አለቀስንለት፣ ፍትሐቱንም እኔው መራሁ፤ ኋላም እናቱ ሌላ ልጅ የላትምና ዓለምን ትታ ቆብ ስትደፋ፣ የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ ፍትሐት ይደገምለታልና፣ ለእርሷም ከካህናቱ ጋር ቆሜ ደገምሁ። እንዲህ አድርጌ እናትና ልጅን በአንድ ዜማ ሸኘኋቸው። ይህን ያነሣሁልህ በመታሰቢያው ዕለት "ያ የሩቁ ዘመዳችን ተስፋነህ ደኅና ነው?" ብላ ስለጠየቀችኝ ነው።

የምለምንህ፣ ቢመችህ፣ ለማንበቢያ የሚሆን ጠንከር ያለ መነጽር ነው፤ ፊደሉ እንደ ጉንዳን መሄድ ጀምሮብኛል።

አባትህ መሪጌታ ገሰሰ


ሄልሲንኪ
ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ ለየኔታ ገሰሰ፤ እንዴት ሰነበቱልኝ? እኔ በጸሎትዎ ደኅና ነኝ። ለወይዘሮ ብዙነሽ እጅ ይንሡልኝ፤ ጥያቄያቸውን ለአሠልጣኞቻችን ተርጉሜላቸው ሲስቁ አርፍደው፣ መጨረሻ ላይ አንዱ "እውነታቸውን ነው" አለ። መነጽሩን እፈልጋለሁ፤ አያስቡ።

አንቱ ግራ ገባኝ ያሉትን ነገር ላስረዳ ተነሥቼ ነበር፣ አሁን ግን ግራ የገባኝ እኔው ነኝ። ወደ ረግረጉ የምሄደው አንዲት ወፍ ፍለጋ ነው፤ ግራጫ፣ አንገተ ረጅም፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ሽመላ የምትመስል፣ በኅዳር በፎገራ ሜዳ በመንጋ እየጮኸች አርፋ የገበሬውን ሽምብራ የምትለቅም። በጋውን እኛ ዘንድ አሳልፋ በመጋቢት ስትነሣ፣ ከምትሄድባቸው አገሮች አንዱ ይህ ነው። እኔም እዚህ ተቀምጬ የአገሬን እንግዳ አገሯ ስትገባ ማየት ፈለግሁ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት መጣች። ጎጆው ውስጥ ያለን ሰዎች እንደ ቅዳሴ ጸጥ ብለን ሳለ፣ መንጋው እየዞረ ከፊታችን ባለው ሜዳ ላይ መውረድ ጀመረ። ከጎጆው ውጭ ባለው የእግር መንገድ፣ የጽዳት ሠራተኛ ልብስ የለበሰ አንድ የእኛ ሰው ከሥራ ሲመለስ ያልፍ ነበር። ወፎቹን አይቶ ቆመ። ከዚያ፣ የኔታ፣ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አካባቢው እስኪያስተጋባ ጮኸ፦

"ሃይ! ሃይ! እናንተ የሰማይ እንግዶች! የሙት ልጅ እህል ነው፣ ሌላ ማሳ ግቡ!"

መንጋው በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። ከጎኔ የነበረችው አሮጊት የሩቅ ማያ መነጽሯ ከእጇ ወደቀ። የሥፍራው ጠባቂ እየሮጠ መጥቶ ይቆጣው ጀመር፤ ሰውዬው ግን ከሁላችን ይልቅ የደነገጠ እርሱ ነበር፣ የራሱን እጆች የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ ያያቸዋል። ሮጬ ወጣሁና "ወንድሜ፣ የፎገራ ሰው ነህ?" አልኩት።

"አይደለሁም" አለኝ።

አይደለሁም ያለኝ ግን በእኛው አገር ቅላፄ ነው። ምናልባት እርሱም ይህንኑ ሲያስተውል ይሆናል፣ ፊቱን አዙሮ በፍጥነት ሄደ።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ወፍ አጥንቻለሁ እንጂ ወፍ ጠብቄ አላውቅም። የማሳ ጠባቂ ሁሉ እንዲህ እያለ ነው የሚጮኸው? ወይስ ይህ የአንድ መንደር አጠራር ነው? ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጠይቅዎ።

ልጅዎ ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋነህ፤ እንደ ልማዴ ሰላምታዬን ላስረዝምልህ ብዕር ባነሣ ነገሩ አስቸኮለኝና አሳጥሬዋለሁ፤ ጉድለቱን በፍቅርህ ሙላልኝ። ኔትወርኩ ጠፍቶ ስለሰነበተ ደብዳቤህ የደረሰኝ በዚህ ሳምንት ነው። ሩት ስታነብልኝ ከጩኸቱ ላይ ስትደርስ "ድገሚው" አልኋት፤ ደገመችው፤ "እንደገና" ብላት "የኔታ፣ ምን ሆኑ?" አለችኝ። ምን እንደሆንሁ እኔስ መች አወቅሁ?

ልጄ ሆይ፣ የማሳ ጠባቂ ሁሉ እንደየቤቱ ይጮኻል፤ አንዱ ወፉን ይሰድባል፣ አንዱ በጅራፍ ያስፈራራል፣ አንዱ ዝም ብሎ ወንጭፉን ያስጮኻል። "የሙት ልጅ እህል ነው" ብሎ ወፍን የሚለምን ግን ከፎገራ አጠገብ ባለው በይፋግ ሜዳ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እርሱም በለጠች ባሏ ሞቶ ዮናስን በጉያዋ ታቅፋ በቀረች ጊዜ፣ ወፍ የሚያስጠብቅ አቅም ስላልነበራት፣ ራሷ ከማሳው ዳር ውላ የፈጠረችው ልመና ነው። ጎረቤቶቿ "በለጠች ወፍን ምጽዋት ትለምናለች" እያሉ ይስቁባት ነበር። ማንም ግን አልወረሰባትም፤ የሙት ልጅ የሚለውን ቃል በገዛ ማሳው ላይ የሚጠራ ጤነኛ ሰው የለምና፣ ሟርት ነው።

እንግዲህ እንዴት ልበል? የሰማ ሰው አስመስሎት ይሆናል እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ ያየ ሰው እንዴት ያስመስላል እላለሁ። ስሙ የዮናስ ነውና ከባሕር ሆድ ቢወጣ ምን ይደንቃል ብዬ እጽናናለሁ፤ ወዲያውም፣ ታዲያ እኔ ካህናቱን አቁሜ "ነፍስህን ያሳርፍ" ስል የዋልሁት ለማን ነበር ብዬ እታወካለሁ። ለሕያው ሰው ፍትሐት ቢደገም ምን ይባላል ብዬ ያሉኝን መጻሕፍት ሁሉ አገላበጥሁ፤ ወይ የለም፣ ወይ ዓይኔ አላገኘውም። ብዙነሽ እህል እንቢ ማለቴን አይታ "መነጽሩ ነው ያሳሰበህ?" አለችኝ፤ ለእርሷም ገና አልነገርኋት። ለእናቱማ እንዴት ተብሎ? አዎ ብንልና ባይሆን፣ ሁለት ጊዜ ልንገድልባት ነው።

ስለዚህ ሰውዬውን ፈልገህ አግኘው። መልክ አትጠይቀኝ፣ የስደት ዓመታት መልክ አይተዉም። ይህን ብቻ ጠይቀው፦ "ከማማው ላይ የሚወጣው ማን ነበር?" በለው። ማማ ማለት ጠባቂው ወጥቶ ማሳውን የሚያይበት የእንጨት ቆጥ ነው። መልሱን ሳታሳምር፣ እንደ ተናገረው ጻፍልኝ።

ገሰሰ


ሄልሲንኪ
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አባቴ ለየኔታ ገሰሰ፤ የእግዚአብሔር ሰላም ከአንቱ ጋር ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ወይዘሮ ብዙነሽ ከአጠገብዎ ቢቀመጡ እወዳለሁ።

በየጠዋቱ ወደ ረግረጉ እየሄድኩ ጠበቅሁት። እነዚያ ባልቴቶች ወፍ ያየሁ መስሏቸው ከኔ ጋር መንገዱን ማየት ጀምረው ነበር። በመጨረሻ መጣ፤ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን ከኪሱ ውስጥ ከትቶ እነዚያ ወፎች ሄደው በሜዳው የቀሩትን ዝይዎች ያያል።

"እጆችህን አሠርካቸው?" አልኩት በአማርኛ።

ሳይዞር "አላምናቸውም" አለኝ።

"እኔ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። የየኔታ ገሰሰ የሩቅ ዘመድ ነኝ።"

ይህን ስለው ከእርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ "አሉ?" አለኝ።

"አሉ።"

"ዳዊት ስሳሳት ጆሮዬን ይጎትቱኝ ነበር።"

"የትኛውን?"

"ሁለቱንም። አያዳሉም" አለና ሊስቅ ሲል ተወው።

ያን ጊዜ ጥያቄዎን ጠየቅሁት። እንደ ተናገረው እጽፍልዎታለሁ፦ "እኔ ነበርኩ የምወጣው። እናቴን ከፍታ ያዞራታል። እርሷ ከሥር ተቀምጣ ትጀምራለች፣ እኔ ከላይ ሆኜ እቀበላታለሁ። ከወፉ ይልቅ የምትጠብቀው እኔን ነበር፣ እንዳልወድቅ።"

የኔታ፣ ሰውዬው ዮናስ ነው፤ እርሱ ካልሆነም ሌላ ምን እንደምል አላውቅም።

ከዚያ ሳልጠይቀው ነገረኝ። በመንገድ ላይ ያገኘው አንድ ጓደኛ ነበረው፤ እናትም አባትም የሌለው፣ በደብር ያደገ ልጅ። ከመሳፈራቸው በፊት የክርስትና ስማቸውን ተነጋገሩ፣ የተረፈው ለሞተው ያስጸልይ ብለው። ጀልባው ሲገለበጥ ዮናስ የጓደኛውን ማተብ ያዘ፤ ማተቡ እጁ ላይ ቀረ፣ ልጁ ሄደ። "በውኃው ውስጥ በዓለም ስሙ ስጠራው ቆየሁ" አለኝ። "ሲያወጡኝ ስምህ ማነው አሉኝ፤ አፌ ላይ የነበረው ያው ስም ብቻ ነበር። ጻፉት። ነቅቼ ላስተካክል ስል ዮናስ ከሞቱት ጋር ተቆጥሯል፤ ብናገር ውሸታም ብለው እንዳይመልሱኝ ፈራሁ። አንድ ቀን ዘገየሁ፣ ከዚያ አንድ ዓመት። ኋላ በአገሬ ልጆች በኩል ለቅሶው እንደተለቀሰ ሰማሁ። ለተለቀሰለት ሰው ስልክ ማንሣት እንዴት እንደሚደረግ የሚያውቅ አለ? በሰው ስም እየኖርኩስ በምን አፌ አስጸልይለታለሁ?"

እናቱ መመንኮሷን አልሰማም ነበር። ስነግረው ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ።

አሁንም የሚኖረው በዚያ ልጅ ስም ነው። ስሙን ለማንም እንዳልጽፍ፣ ከአንገቱ ላይ ባለው በዚያው ማተብ አስምሎኛል፤ ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ። ስለ እናቱ ግን አላስማለኝም። "ንገሯት አልልም፣ አትንገሯትም አልልም፤ የትኛው ምሕረት እንደሆነ አላውቅም" ነው ያለኝ። እኔም አላውቅም። ሥልጠናዬ ሊያልቅ ነው፣ በሐምሌ መጀመሪያ እነሣለሁ። ፍርዱን ለአንቱ ትቼዋለሁ። መነጽሩን ገዝቻለሁ።

ተስፋነህ


ደብረ ታቦር
ሰኔ ፳ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለተስፋነህ፤ ለጠየቅሁህ ቃል ሳታሳምር መልስ ለሰጠኸኝ፣ ለማልኸው መሐላ ታምነህ ስሙን ለእኔ ለአባትህም ለከለከልኸኝ፣ በዚህም ከመቼውም ይልቅ ለከበርህብኝ፤ ሰላምታዬ ይድረስህ።

የማማው መልስ ልክ ነው፣ ዮናስ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ ይነገራል፤ የሞተው ሰው አልሞተም ብሎ መንገር ግን በየትኛው ሰዓት፣ በማን አፍ፣ በምን አነጋገር እንደሚሆን አባቶቻችን አላስተማሩንም፣ ምናልባት አልገጠማቸውም። ከደብራችን ካህን ከቄስ አድማሱ ጋር ስንመክር ሰነበትን፤ ሌላ ሥርዓት ስላጣን በምናውቀው ሥርዓት ሄድን። አዲስ ዘመን ከተማ አድረን፣ ጎሕ ሲቀድ እኔ ምርኩዜን፣ ቄሱ መስቀሉን፣ ብዙነሽ ነጠላዋን ይዘን ወደ ጣራ ገዳም ዳገቱን ወጣን። ስሕተታችን የታየኝ ከደጇ ስንደርስ ነው። በለጠች ወጥታ ሦስታችንን በዚያ ሰዓት ተሰልፈን ስታይ፣ ኩታዋን እንደ ኀዘንተኛ አዘቅዝቃ መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ደግሞ ማን ሞተ?" አለች። "የሚሞትብኝ ሰው አስቀርታችሁልኛል?"

"አልሞተም" አልኋት።

"ማን?"

"ዮናስ።"

"ዮናስንማ አውቃለሁ። አሁን የሞተውን ነው የምጠይቃችሁ!"

"ማንም አልሞተም፣ እማሆይ" አለ ቄስ አድማሱ።

"ታዲያ በማለዳ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?"

እኔ፣ ስንት ደቀ መዝሙር ንግግር ያስተማርሁ ሰው፣ ምርኩዜን ከእጅ ወደ እጅ አዛወርሁ። ብዙነሽ ገፋ አድርጋኝ አለፈችና ከአጠገቧ ተቀምጣ፣ "ልጅሽ አለ። በፈረንጅ አገር የፈረንጅ ወፍ ሲያባርር አገኙት" አለቻት።

ከጫካው የወፉ ጫጫታ ያን ዕለት እንዴት እንደበዛ! በለጠች ቀና ብላ "ምን ብሎ አባረረ?" አለችኝ። "ሃይ፣ ሃይ፣ እናንተ የሰማይ እንግዶች" ብዬ ጀመርሁ። እርሷ ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ ጨረሰችው።

እልል ትላለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለቀሰችም። "ማማው ላይ እንዳይወጣ በሉት፣ ደክሞታል" ብላ እኛን ሁሉ ግራ አጋባችን። ኩታዋን መልሳ ወደ ደኅናው አጣፋችና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

"አጎቴ፣ ያን ጊዜ ልብሱን አውጥተን ያለቀስንለት ማን ነበር?"

ስለዚያ ልጅ የጻፍኸውን ሁሉ ነገርኋት።

"እናት አለው?"

"የለውም።"

"አባት?"

"የለውም።"

"ያለቀሰለት ሰውስ?"

መልሴንም ሳትጠብቅ፣ "እንግዲያ ለቅሶዬ ባለቤቱ ጋ ደርሷል" አለች። "ፀጉሬን የተላጨሁትም ለእርሱ ነው፣ መሬት የተኛሁትም ለእርሱ ነው። ቆቡን አላወልቅም። ዮናስ ባለበት ይኑር፤ ወፎቹን ተዋቸው በሉት፣ ከእኛ ማሳ ጠግበው ነው የሄዱት። ለእኔ ግን ያለቀስሁለትን ልጅ አሳውቁኝ፤ በየጸሎቱ የምጠራው በሕይወት ያለ ሰው ሆኖ ተገኘብኝ።"

ዳገቱን ስወርድ ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን አላወቅሁም ነበር፤ ዛሬም አላወቅሁም። አንድ ነገር ግን ገብቶኛል። ሰባት ዓመት ሙሉ በፍትሐቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ፣ ካህናቱን አቁሜ ስጠራ የኖርሁት የዮናስን የክርስትና ስም ነው፤ ሕያው የሙታንን ጸሎት ሲቀበል፣ ሙቱ ሳይጠራ ቀርቷል። ቄስ አድማሱ በሐምሌ ሥላሴ ጸሎቱን በደንቡ ሊያደርስ ተዘጋጅቷል፤ በለጠችም ንፍሮዋን ሰንቃ እመጣለሁ ብላለች።

መነጽሩን ለሌላ ስጠው፣ የእኔስ ዓይን እንደሆነው ይሁን። የዚያን ልጅ የዓለም ስሙንም አልሻም፤ ዮናስ ይኑርበት፣ መሐላህም አይፍረስ። የክርስትና ስሙን ግን በዚያ አገር የሚጠራው ሹም የለም፣ በወረቀትም አልተጻፈም፤ ከዮናስ በቀር የሚያውቀው ሰው የለም።

ከዚያ ሳትነሣ፣ በባሕር የቀረው ልጅ የክርስትና ስሙ ማን እንደሆነ ዮናስን ጠይቀህ ጻፍልኝ።